በሬዲዮ ያረዳኋት አራስ

አለቃዬ አማርኛ አያውቁም ነበር። አምስት ዓመት አብረን ስንሠራ የተማሩት «እሺ»ን፣ «በቃ»ን እና አንድ ስድብ ብቻ ነው፤ ስድቡንም የሰሙት ከእኔ ነው። ይሁን እንጂ ናይሮቢ ውስጥ ለአማርኛ እንደ እሳቸው የተከራከረ ሰው አላየሁም፣ እኛን ባለቤቶቹን ጨምሮ።

አየርላንዳዊ ናቸው። ስልሳን የተሻገሩ፣ ረጅም፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ ሹራባቸውን በጠራራ ፀሐይ እንኳ የማያወልቁ ሰው። በአገራቸው የሕዝብ ሬዲዮ ውስጥ ገመድ ከመጠቅለል ጀምረው የፕሮግራሞች ዋና ኃላፊ እስከመሆን ደርሰዋል። ጡረታ ሲወጡ እንደ ሰው አርፈው መቀመጥ ሲችሉ፣ ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ያለችውን የእኛን ትንሽ ጣቢያ ሊመሩ መጡ። ጣቢያው የድሮ መኖሪያ ቤት ነበር፤ ስቱዲዮው መኝታ ቤት፣ የካሴት ማከማቻው መታጠቢያ ቤት። ሥርጭቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው። በመሃል በመሃል ከተማው ውስጥ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች በየቋንቋቸው ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይሰጣል። የአማርኛውን የምሠራው እኔ ነበርኩ።

እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት የኔ ግማሽ ሰዓት የሚተላለፈው ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። በዚያ ሰዓት፣ የከተማው ሐበሻ በብዛት በሚኖርበት ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ የሚነቁት ዘበኞችና ዶሮዎች ናቸው፣ ከዘበኞቹ ደግሞ አማርኛ የሚሰማ የለም። አሠራሩም ያው ነው። መጀመሪያ ጽሑፉን በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፣ አለቆች ያነቡታል፣ ያጸድቁታል፣ ከዚያ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ። በእንግሊዝኛ ማሰብ ስለማልወድ እንግሊዝኛውም አያምርም፣ ከሱ የተመለሰው አማርኛም አያምርም። አዲስ አበባ ሳለሁ ዜና አንባቢ ነበርኩና ድምፄ አያሳፍርም። በድምፄ እየሸፈንኩ ስድስት ዓመት ዘለቅኩ።

አዲሱ አለቃ በመጡ በሁለተኛው ሳምንት የፕሮግራሜን ካሴት ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ። የጆሮ ማዳመጫ አጥልቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የማይገባቸውን ቋንቋ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አዳመጡ። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ ሰዓቴን አያለሁ። ሲጨርሱ ማዳመጫውን አወለቁና፣

«አንድም ቃል አልገባኝም። ግን እያነበብሽ ነው እንጂ እያወራሽ አይደለም» አሉኝ።

«በምን አወቁ?»

«በትንፋሽሽ። ሰው ሲያወራ የሚተነፍሰው የራሱ ሐሳብ ሲያልቅ ነው። አንቺ የምትተነፍሺው የሌላ ሰው ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ ነው።»

ደሜ ፈላ። አሥራ አምስት ዓመት ማይክሮፎን ፊት የተቀመጥኩትን ሴት፣ «እንደምን አደርሽ» ማለት የማያውቅ ፈረንጅ ስለ አማርኛ አነጋገሬ ያስተምረኛል! ስድቡን የሰሙት ያን ጊዜ ነው፤ በሩን ስዘጋ አምልጦኝ። ቤቴ ገብቼ ካሴቱን ከፈትኩት። ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ልክ ነበሩ። ልክ መሆናቸው የበለጠ አናደደኝ።

በማግስቱ ግቢው ውስጥ ካለችው ሻይ ቤት ማንዳዚ በሻይ እየበሉ አገኘኋቸውና ሳይጠሩኝ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ማንዳዚ ብስኩት የመሰለ የዘይት ጥብስ ነው፤ እሳቸው በቀን አራት ይበሉ ነበር። የራሳቸውን ነገር የነገሩኝ እዚያ ነው። አባታቸው ፖስታ አዳይ ነበሩ። የአገራቸውን የጥንት ቋንቋ፣ አይሪሽን፣ አሳምረው ያውቃሉ፤ ግን የሚናገሩት ከውሻቸው ጋር ብቻ ነው። ለልጆቻቸው እንግሊዝኛ፣ ለውሻው አይሪሽ። አለቃዬ አድገው ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው በማታ ትምህርት ቋንቋውን ተምረው መጥተው አባታቸውን በአይሪሽ ሰላም ቢሏቸው፣ አባት በእንግሊዝኛ መለሱ። እስኪሞቱም ድረስ በእንግሊዝኛ እንደመለሱ ቀሩ።

«ከዚያ በኋላ ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ ሥልጣን ሳገኝ ያደረግኩት አንድ ነገር ነው» አሉ። «የአይሪሽ ፕሮግራሞች ሁሉ የተቀመጡት ሰው በሌለበት ሰዓት ነበር። ከዚያ 'ሰሚ የላቸውም' ይባላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ሰዓት ተጨቃጨቅኩ። ሌላ አይደለም። ሰዓት!»

«አሸነፉ?»

«ግማሹን። በስብሰባ ላይ ስነሳ ጓደኞቼ ሰዓታቸውን እየተመለከቱ ይሳሳቁ ነበር» አሉና ማንዳዚያቸውን ገመጡ።

በዚያው ሳምንት በእንግሊዝኛ መጻፍ እንዳቆም ታዘዝኩ። ሐሳቡም፣ ጽሑፉም፣ የዝግጅት ስብሰባውም በአማርኛ እንዲሆን። ስብሰባ የምለው እኔና አንድ የትርፍ ሰዓት ረዳቴ ጠረጴዛ ላይ ስንከራከር ነው፤ እሳቸው መጥተው ከዳር ይቀመጣሉ፣ አይገባቸውም፣ ግን ይቀመጣሉ። የአስተዳደር ሠራተኞቹ «ምን እንደምትል በምን እንቆጣጠራታለን?» ብለው ሲጠይቁ፣ «የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ ስትጠሩ በምን ትቆጣጠሩታላችሁ? ውሃው ከመጣ መጣ» ብለው መለሱላቸው። ሐሙስ ንጋት የነበረውን ፕሮግራም ደግሞ እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አደረጉት። ኦርቶዶክሱ ከቅዳሴ፣ ጴንጤው ከአምልኮ ተመልሶ፣ ምሳ በልቶ የሚቀመጥበት ሰዓት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር ጉራ ይመስላል፤ ይምሰል። ኢስትሊ ውስጥ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሱቅ ሱቅ፣ ከአልቤርጎ መስኮት እስከ ምግብ ቤት በረንዳ፣ እየተራመድክ አንድም ዓረፍተ ነገር ሳያመልጥህ ሰከንድ አቬኑ የሚባለውን ጎዳና ትጨርሰዋለህ። ፓርክላንድስ ሰፈር ያሉት ባለ ምግብ ቤቶች ይደውላሉ። እዚሁ የተወለዱት ልጆች እንኳ ይደውላሉ። «ሃሎ፣ አክቹዋሊ አማርኛዬ ጥሩ አይደለም፣ ባት ለማሚ ዘፈን እፈልጋለሁ፣ ክሬዲቴ ሊያልቅ ነው፣ ፕሊዝ!» ያለችኝን ልጅ እስከ ዛሬ አስታውሳታለሁ። ለማሚዋ ዘፈን ተጋብዞላታል።

ነገር ግን ጥሩ ሰዓት ሁሉም ይፈልገዋል። የጣቢያው ቦርድ ያንን ሰዓት ለእንግሊዝኛ የሙዚቃ ፕሮግራም ሊያውለው ከወሰነ ቆይቷል፤ ያጣው ምክንያት ብቻ ነበር። አለቃዬ «እኔ እዚህ ወንበር ላይ እያለሁ አይነካም» ብለው ነበር። እኔም ለራሴ ምያለሁ። ወደ ሐሙስ ንጋት አልመለስም፣ ፕሮግራሙም አይዘጋም። ምክንያት የማይሰጥ ሥራ መሥራት ነው ብዬ እያንዳንዱን እሁድ እንደ ፈተና እዘጋጅ ነበር።

ምክንያቱን የሰጠኋቸው ራሴ ነኝ።

አንድ እሁድ፣ ሥርጭት ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር አባል የሆኑ አንድ ሽማግሌ እያለከለኩ ደረጃውን ወጡ። ፓርክላንድስ ምግብ ቤት ያለው አንድ ወዳጃቸው እናቱ ወሎ ውስጥ አርፈዋል። የፊታችን ቅዳሜ አርባቸው ነውና እዚህ ጸሎተ ፍትሐት ይደረግላቸዋል። ሽማግሌው ማስታወቂያ እንዲነገር የፈለጉት ወዳጃቸውን ሳይነግሩት ነው፣ ሰው ሞልቶ ሲያገኘው ደስ እንዲለው።

«ልጄ፣ ላንቺ ጽሑፍ አልነግርሽም። አሳምሪው እንጂ» አሉኝ።

አሳመርኩት! ስለ ሴትየዋ ጠየቅኳቸው፣ የሚያውቁትን ነገሩኝ። የትውልድ መንደራቸውን፣ በጥልፍ ሥራ የታወቁ እንደነበሩ፣ ባል ሞቶባቸው ስድስት ልጆች ብቻቸውን እንዳሳደጉ። ሃያ ደቂቃ ውስጥ ጻፍኩት። እንደዚያ ያማረ ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም። ቃላቱ እጄ ላይ ሲመጡልኝ የተሰማኝ ደስታ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። አንድ ሰው ሞተ ሲባል ማንኛውም የአገሬ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀውን ጥያቄ አልጠየቅኩም። ቤተሰቡ ሁሉ ተረድቷል ወይ? ይህን ሳይጠይቅ አንድ ሰፈር አፉን አይከፍትም። እኔ ግን ለአንድ ከተማ ከፈትኩ። አርባ ደርሷል፣ ማን ሳይሰማ ይቀራል አልኩ መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር ምንም አላልኩም፤ ጽሑፌን ነበር የማየው።

ምግብ ቤት ያለው ሰውዬ እዚሁ ከተማ፣ ኢስትሊ ውስጥ፣ ሽማግሌው የማያውቋት እህት ነበረችው። እናቷ ሲሞቱ የዘጠኝ ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ስለዚህ አልተነገራትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሴት ልጅ ወለደች፤ አራስ መርዶ አይነገራትምና አሁንም አልተነገራትም። ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ከተነሳች በኋላ፣ ለቤተሰቡ ቅርብ የሆኑ ሽማግሌዎች ማለዳ ተሰብስበው ሊያረዷት ቀን ቆርጠው ነበር። ያ ቀን ሳይደርስ፣ እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ሕፃኗን እያጠባች የእናቷን ሙሉ ስም ከነአባታቸው፣ ከነመንደራቸው፣ ባማረ አማርኛ በእኔ ድምፅ ሰማች።

ስቱዲዮ ውስጥ ሆኜ ምንም አላወቅኩም። ቴክኒሻኑ በመስታወቱ ማዶ ስልክ አንስቶ ሲያዳምጥ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ዘፈን አስገባና በሩን ከፈተ።

«ሲስተር፣ አንዲት ሴት ስልኩ ላይ እየጮኸች ነው። ፖሌ ሳና፣ በጣም አዝናለሁ። አማርኛ ነው፣ አልገባኝም፣ ግን መጥፎ ነገር ነው።»

የደወለችው የአራሷ ጎረቤት ነበረች። የሰደበችኝን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ሁሉም ይገባኝ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ከማኅበሩ ሽማግሌዎች ደብዳቤ ደረሰ። ፕሮግራሙ «ለኅብረተሰቡ ባህል ክብር የሌለው» ስለሆነ እንዲዘጋ ይጠይቃል። የአማርኛ ፕሮግራምን ባህል አላከበረም ብለው የከሰሱት በእንግሊዝኛ ነው፤ ከግርጌው ዘጠኝ ፊርማ አለ። ከዘጠኙ አንዱ ማስታወቂያውን ይዘው የመጡት ሽማግሌ ናቸው። ፊርማቸውን ሳይ ሳቄ መጣ፣ ከሳቁ ቀጥሎ ዕንባ መጣ። ቦርዱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስብሰባ ጠራ። ምክንያቱ ተገኝቷል።

አለቃዬ ቢሯቸው አስገቡኝና በሩን ዘጉ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ያለ ሬዲዮ ቢሆን ኖሮ ይህ ነገር እንዴት ነበር የሚነገራት?» ብለው ጠየቁኝ።

ነገርኳቸው። ቅርብ ዘመድ መጀመሪያ እንዴት በምክር እንደሚወስን፤ ማን ይንገራት፣ መቼ ይንገራት፣ ጤናዋ እንዴት ነው፣ አጠገቧ ማን ይሁን እንደሚባል፤ ሰዎች እንዴት ገና ሳይነጋ በሯ ላይ እንደሚሰባሰቡ፤ በሩን ስትከፍት ፊታቸውን አይታ ከአፋቸው በፊት እንደምታውቅ፤ ስትወድቅ የሚይዛት እጅ እንዳለ።

«ቋንቋውን መለስንልሽ እንጂ አሠራሩን ከእኛው ነው የወሰድሽው» አሉኝ። «እዚህ አገር ሬዲዮ ሞትን እንዲህ ነው የሚያውጀው፤ ወረቀት ይመጣል፣ ይነበባል። እኔም አልጠየቅኩሽም። ጥፋቱ የሁለታችን ነው። አሁን፣ ሬዲዮ ባይኖር ኖሮ አንቺ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ለቅሶ እደርስ ነበር።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ተነሳሁ።

ቁጥር ዘጠኝ ማታቱ፣ የከተማው ሚኒባስ፣ ውስጥ ገብቼ ኢስትሊ ወረድኩ። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ ስደርስ ቆምኩ፣ ምን እንደምል ጠፋኝ። አራስ ቤት ሲገባ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። ለቅሶ ቤት ሲገባ «እግዜር ያጥናሽ» ይባላል። ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ አይባሉም፤ እንዲባሉ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ገባሁና ምንም ሳልል በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ቤቱ ሴቶች ሞልተውበታል። አንዷም ጠጋ አላለችልኝም። አንድ ጥግ ላይ የገንፎ ሳህን፣ ሌላ ጥግ ላይ የተደረበ ጥቁር ነጠላ አለ። አራሷ ፍራሽ ላይ ናት፤ ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ወንድሟ ሲያየኝ ተነሳ።

«አንቺ ደግሞ ምን ቀረሽ? ልትቀርጪን ነው የመጣሽው?»

«ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት» አልኩት። «ብታስወጣኝም ነገ እመጣለሁ።»

አላስወጣኝም፤ በለቅሶ ቤት ሰው አይባረርም። በማግስቱም ሄድኩ። ሁለተኛውን ቀን ሻይ ተሰጠኝ፣ እኔን ሳያዩ። እንደዚያ ያለ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም፤ እንደ ኮሶ ጨለጥኩት። ሦስተኛው ቀን ላይ ልነሳ ስል አራሷ ድንገት ተናገረች። ድምፅዋን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

«ስሟን ስትጠሪ ጮህኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ምን ምን አልሽ?»

ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ አላወጣሁትም። ያ ሁሉ ያማረ ቃል እዚያ ፍራሽ አጠገብ የሚነገር አልነበረም። በቃሌ ነገርኳት፤ የት እንደተወለዱ፣ ጥልፋቸው በሩቅ እንደሚታወቅ፣ ስድስት ልጅ ብቻቸውን እንዳሳደጉ፣ የምን ቀን እንዳረፉ። ሴቶቹ አለቀሱ። እሷ አላለቀሰችም።

«ሰባት ነን» አለች። «አንዱ በልጅነቱ ሞቷል። እሷ ሰባት ነው የምትለው።»

«ሰባት» አልኩ።

ፊቷን ወደ ሕፃኗ መለሰች። ከዚያ ቀን በኋላ አልተጠራሁም፣ እኔም አልሄድኩም።

እስከ ስብሰባው ድረስ እኔና አለቃዬ ሥራ ላይ ነበርን። ለጣቢያው የኀዘን ማስታወቂያ አዲስ ደንብ አወጣን። ማንም ወረቀት ይዞ ቢመጣ፣ ቤተሰቡ ሁሉ መረዳቱን የቅርብ ዘመድ ራሱ ቀርቦ ሳያረጋግጥ አንድ ቃል አይነገርም። መጀመሪያ በአማርኛ ጻፍነው፣ ከዚያ ለሌሎቹ ቋንቋዎች ባልደረቦቼ በየራሳቸው እንዲጽፉት ተሰጣቸው። አለቃዬ «አንዳንዴ እንኳ ከእናንተ ወደ እኛ ይተርጎም» እያሉ እንደ ልጅ ደስ አላቸው። እኔን ግን ደስ አላለኝም። ደንብ ያንን እሁድ አይመልሰውም።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። የቦርዱ ሰብሳቢ ጭምት ኬንያዊት ጠበቃ ናቸው፤ ከአራት አባላት ጋር ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። በአንድ በኩል ሁለት ሽማግሌዎችና ወንድምየው፣ በሌላ በኩል እኔና አለቃዬ። ወንድምየው ጥሩ እንግሊዝኛ አለው፤ የደረሰባቸውን በእርጋታ ተናገረ። አንድም ውሸት አልጨመረበትም። አለቃዬ ተነስተው ጥፋታችንን አመኑ፣ ደንቡን አሳዩ፣ ከዚያ ስለ ሰዓት ጀመሩ። ሃያ ዓመት በአገራቸው የተጨቃጨቁትን ጭቅጭቅ እንደ አዲስ፣ በማይገባቸው ቋንቋ ስም ተጨቃጨቁ። ከአባላቱ አንዱ ሰዓቱን ሲመለከት አየሁት። እሳቸውም አዩት፤ አላቆሙም።

ሰብሳቢዋ ማስታወሻቸውን ሊዘጉ ሲሉ በሩ ተከፈተ። አራሷ ናት። በነጠላ ተጠቅልላ፣ ሕፃኗን አቅፋ፣ ከኋላዋ ጎረቤቷ የልጅ ጨርቅ ይዛ ትከተላለች። ወንድምየው ዘሎ ተነሳ።

«አንቺ! ልጅቷ ክርስትና ሳትነሳ ከቤት ትወጫለሽ? ብርድ ቢመታሽስ?»

«ተቀመጥ» አለችው። «እንግሊዝኛ አልችልም። በአማርኛ ነው የምናገረው። የሚተረጉምልኝ ይኑር።»

የሽማግሌዎቹ እንግሊዝኛ ከመፈረም አያልፍም፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ነበር መተርጎም የሚችለው፤ ወንድሟና እኔ። ሰብሳቢዋ ሁለታችንንም ተራ በተራ አዩን። እሷ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች።

«እሷ ትተርጉም። ሥራዋ ነው።»

ቆምኩ።

«እናቴ ከሞተች በኋላ ከሠላሳ ቀን በላይ አልተነገረኝም» አለች። «ወንድሜ በየሳምንቱ ይመጣል። እማዬ ደህና ናት፣ ስልኳ ነው የተበላሸው ይለኛል። ጎረቤቶቼ ገንፎ እያበሉኝ ያውቃሉ፣ ይስቁልኛል። ልጄን የወለድኩ ዕለት እማዬ ሰማች ወይ፣ ምን አለች ብዬ ጠየቅኩ። እልል አለች አሉኝ። የሞተችውን ሴት እልል አለች አሉኝ!»

ተረጎምኩ። ወንድምየው አንገቱን ደፋ።

«በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ለሌላ ሰው እንዲህ አድርጌያለሁ፣ ነገም አደርጋለሁ። ይቺን ሴትዮ ግን ይቅር አላልኳትም። ወተቴ ደርቆ ልጄ ሦስት ቀን በረሃብ ያለቀሰችው በእሷ ነው። ይቅር አላልኳትም።»

ሰብሳቢዋ ወደ እኔ ዞሩ። እዚህ ላይ ቀለል አድርጌ ማለፍ እችል ነበር። «ቅር ብሏታል» ብል ማንም አይታዘበኝም፤ ወንድምየውም ቢሆን አንገቱን አላነሳም። አንዲት ሰከንድ አሰብኩት፣ አልዋሽም። ከዚያ ሁሉንም አልኩ፤ የደረቀውን ወተት፣ የሦስት ቀኑን ረሃብ፣ ይቅር አለማለቷን ሁለት ጊዜ፣ እሷ እንዳለችው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ «ይቺን ሴትዮ» የተባልኩት እኔ መሆኔን ያውቁ ነበር።

እስክጨርስ ጠበቀችና ቀጠለች።

«ነገር ግን እናትሽ ሞታለች ብሎ የነገረኝ ይሄ ሬዲዮ ብቻ ነው። እዚህ አገር እሷን የሚያውቃት የለም። ጥልፏን ያየ የለም። በአደባባይ ስለ እሷ የተናገረ ሌላ ሰው የለም፣ ወደፊትም አይኖርም። ለእኔ ብላችሁ የምትዘጉት ከሆነ አልፈልግም፤ ለራሳችሁ ብላችሁ ከሆነ በእኔ ስም አታድርጉት። የመጣሁት ይህን ልል ነው።»

የመጨረሻውን ስተረጉም ድምፄ አልያዘልኝም፤ አቁሜ እንደገና ጀመርኩት። ሰብሳቢዋ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ ሳይነቅሉ አዳመጡ። አባላቱን ይዘው ወደ ጎን ክፍል ገቡ። የቆዩት አሥር ደቂቃ አይሞላም። ሲመለሱ ፕሮግራሙ እንደማይዘጋ፣ ሰዓቱም እሁድ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚሆን፣ ደንቡ ከዛሬ ጀምሮ እንደሚሠራ ተናገሩ። አለቃዬ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሽማግሌዎቹ ቀርበው እጃቸውን ጨበጧቸው። ማስታወቂያውን ያመጡት ሽማግሌ ከሁለቱ አንዱ ነበሩና እኔን ሲያዩ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ሰቀሉ።

ደረጃው ላይ ደረስኩባት። ጎረቤቷ ታክሲ ልትጠራ ቀድማ ወርዳለች። ሕፃኗ ተኝታለች፤ የነጠላው ጫፍ መሬት እየነካ ስለነበር አንስቼ ያዝኩላት። አልከለከለችኝም። ደረጃውን አንድ በአንድ ወረድን። ታች ስንደርስ ጫፉን ከእጄ ተቀበለችኝ።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«አላልኩሽም።» ነጠላዋን ልጅቷ ላይ አስተካከለች። «አላናግርሽም። እሁድ ግን እሰማሻለሁ።»